እግዜርን አትፈራም ያልኳት ሴት

ስለ ሰብለ ክፉ ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የሆነውንም መናገር ያለብኝ እኔው ነኝ። ሌላ ሰው ቢጽፈው ምናልባት እኔን ደግ አድርጎ ያቀርበኝ ነበር። ያን ቀን ግን ደጓ እኔ አልነበርኩም።

ያኔ ሻርጃ ውስጥ፣ አል ናህዳ፣ ዱባይን ከሚያዋስኑት ፎቆች በአንዱ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ የቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ከደብረ ማርቆስ ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። ማዳም ሶርያዊት ናት። ዱባይ ቢሮ ስለምትሠራና መንገዱ ስለሚጨናነቅ ገና በማለዳ ትወጣና አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ትመለሳለች። ባሏ ለሥራ ብዙ ጊዜ ከአገር ውጭ ነው። ልጅ የላቸውም። እኔ አበስላለሁ፣ አጸዳለሁ፣ እተኩሳለሁ፤ ዋናው ሥራዬ ግን የማዳምን እናት መጠበቅ ነበር። ሁላችንም ሃጃ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ ቢጠጋም እግራቸው ደህና ነው፣ ልባቸውም ደህና ነው። የከዳቸው ማስታወስ ነው። አንዳንድ ቀን በልጃቸው ስም ይጠሩኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ "አንቺ ማነሽ፣ ማን አስገባሽ?" ይሉኛል። ስለዚህ ማዳም አንድ ጥብቅ ትእዛዝ ነበራት፤ የውጭው በር ሁልጊዜ ይቆለፍ፣ ቁልፉም ከኔ ኪስ አይውጣ።

ስለ ራሴ ደግሞ ይህን ልንገራችሁ። ጾም አልሽርም፣ ጸሎት አላስታጉልም። በዕረፍት ቀኔ ዱባይ፣ ኢንተርናሽናል ሲቲ የሚባል ሰፈር እሄድ ነበር። እዚያ ስድስት የአገሬ ልጆች አንድ ቤት ውስጥ ቤድ ስፔስ፣ ማለትም አልጋ አልጋ ብቻ፣ ተከራይተው ይኖራሉ። ከነሱና ከሌሎች ጋር በሳምንት አንድ ቀን በስልክ ተሰብስበን እንጸልያለን፤ የማስተባብረው እኔ ነኝ። አፍ አውጥቼ ባልናገረውም ከኔ የበለጠ እግዜርን የሚፈራ ሰው አካባቢዬ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሰብለም የምትኖረው እዚያው ቤት ነው። የደሴ ልጅ ናት፤ አገር ቤት ጤና ጣቢያ ውስጥ በረዳትነት ሠርታለች። በጉብኝት ቪዛ መጥታ ቋሚ ሥራ እየፈለገች፣ እስከዚያው በሳምንት ሦስት ቀን እኛ ፎቅ ላይ ያለ የጎረቤት ቤት ታጸዳ ነበር። አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ ተገናኘንና ጸሎታችን ላይ እንድትገባ ጋበዝኳት።

"አመሰግናለሁ የሺ፣ እኔ ግን አልጸልይም" አለችኝ።

"ለምን? ሃይማኖትሽ ሌላ ነው?"

"አይደለም። አላምንም።"

"ምኑን?"

"እግዜር መኖሩን። ድሮ አምን ነበር፣ አሁን አላምንም።"

የሰሞኑን ሙቀት እንደሚያወራ ሰው ነበር የነገረችኝ። አልተኮሳተረችም፣ አልሳቀችም። ሊፍቱ ደረሰ፣ "ደህና ዋይ" ብላኝ ወረደች። እኔ ግን አማተብኩ። በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኔ፣ እሷ በሌለችበት፣ ልጆቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው። "እግዜርን የማይፈራ ሰው ምን ይፈራል? ቢሰርቅ፣ ቢዋሽ ማን ይከለክለዋል? ዕቃችሁን ጠብቁ" አልኩ። ልጆቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻንጣቸውን መቆለፍ ጀመሩ። አብረዋት ማዕድ መቁረስም ተዉ። ከሷ ጋር መብላት ያልተወችው ሐያት የምትባል የወሎ ሙስሊም ልጅ ብቻ ነበረች። "እኔ ሰውን የማውቀው አብሬው ስኖር ነው" አለችኝ ሐያት፣ ዓይኔን እያየች። እሷንም በልቤ ታዘብኳት።

ነገሩ የሆነው በፍልሰታ ጾም ነው። የዚህን አገር ነሐሴ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ከበር ስትወጡ አየሩ ፊታችሁን ይለበልባል። ጠዋት ቆሻሻ አውጥቼ ኮሪደሩ ላይ ያለው መጣያ ውስጥ ጣልኩና ተመለስኩ። ጆሮዬ ላይ ስብከት ሰክቼ ነበር። ስለ ምን እንደነበረ ዛሬ ትዝ አይለኝም፤ ብቻ ደስ ብሎኛል፣ አብሬ "አሜን" እያልኩ ነው። ሃጃ ክፍላቸው ተኝተዋል። ልብስ ልተኩስ ወደ ጓዳ ገባሁ።

አራት ሰዓት ላይ መድኃኒታቸውን በውሃ ይዤ ስገባ አልጋው ባዶ ነው። መታጠቢያ ቤት የሉም። ኩሽና የሉም። ሰገነቱ ላይ የሉም፤ ወደታች ማየት አቅቶኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያየሁት ማለት ይቻላል። ከዚያ የውጭውን በር አየሁት። ገርበብ ብሏል። ቁልፉ ከውስጥ እንደተሰካ ነው። ስመለስ ሳልቆልፍ፣ ሳልነቅለው ረስቼው ገብቻለሁ።

በባዶ እግሬ ሊፍት ውስጥ ገባሁ። ምድር ቤት የዘበኛው ወንበር ባዶ ነው። ዘበኛው ሸፊቅ ይባላል፣ ባንግላዴሻዊ ነው። ወደ ውጭ ልሮጥ ስል በመስታወቱ በር የምትገባው ሰብለ ናት። ያን ቀን የጽዳት ቀኗ ነበር። ፊቴን ስታይ ከረጢቷን መሬት አስቀመጠች።

"ምን ሆነሻል?"

"ሃጃ ጠፍተዋል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አላውቅም። አንድ ሰዓት ይሆናል። ስተኩስ ነበር።"

"ምን ለብሰው ነው የወጡት? ምን ይዘዋል?"

"አላውቅም አልኩሽ እኮ።"

"ነይ መጀመሪያ ቤቱን እንየው" ብላ ክንዴን ይዛ ወደ ላይ መለሰችኝ። እኔ ጊዜ የምናባክን መሰለኝ። እሷ ግን ዕቃ እየነካች ሳይሆን ቆማ ነበር የምታየው። ጥቁር አባያቸው ከመስቀያው የለም። የክት ጫማቸው የለም። ቦርሳቸው የለም። ኩሽና ስንገባ የሩዙ ድስት ክዳኑ ተነስቶ፣ ከጎኑ ማንኪያ ተቀምጧል።

"ምሳ ዕቃ ነበራችሁ?" አለችኝ።

የዕቃ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩት። ባለ ሦስት ድርቡ ምሳ ዕቃ የለም።

"ለማን ነው ምሳ የሚወስዱት?"

ይሄኔ ነው ብልጭ ያለልኝ። ሃጃ በየቀኑ፣ ምሳ ሲደርስ፣ "ሰውዬው አልበላም፣ ሱቅ ውስጥ ብቻውን ነው" ይሉ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን አልፏል። በሕይወት ሳሉ፣ ያኔ በሚኖሩባት ጎረቤት ከተማ አጅማን፣ ዓሣ ገበያው አጠገብ ሱቅ ነበራቸው፤ ሃጃም ከሠላሳ ዓመት በላይ በየቀኑ በእግራቸው ምሳ ይወስዱላቸው እንደነበር ማዳም ነግራኛለች።

"አጅማን ናቸው" አለች ሰብለ። "ለማዳም ደውይላት። ለፖሊስም መንገር አለብን።"

ስልኬን አወጣሁ። ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። "አታነሳም" አልኳት፤ "ፖሊስን እዚያ ደርሰን ካጣናቸው እንጠራለን።"

አልደወልኩም ነበር። ስልኩ ጥቁር ነበር።

ስንወርድ ሸፊቅ በኋላ በር ትልቁን የቆሻሻ ጋሪ አውጥቶ ተመልሷል። ስነግረው አንድ ቃል ሳይናገር መኪና ማቆሚያውን ሊፈትሽ በደረጃው ሮጠ። ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ደግሞ ለሰብለ ነገራት፤ አንዲት አሮጊት ምሳ ዕቃ አቅፈው እሱ በር ላይ ቆመው ነበር፣ ታክሲ አስቁሞ ያሳፈራቸው ራሱ ነው። ጥሩ ሥራ የሠራ መስሎት ፈገግ እያለ ነው የነገራት።

እኛም ታክሲ ያዝን። ሹፌሩን ሰብለ "ዓሣ ገበያ፣ አጅማን፣ ያላ" አለችው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ለእመቤታችን ስለት እየተሳልኩ ነበር። መሃል ላይ የሰብለ ስልክ ጮኸ። አይታ ድምፁን ዘጋችው። እንደገና ጮኸ። እንደገና ዘጋችው።

እኔ ደግሞ በጸሎቱ መሃል ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። አፌን ሞልቼ ተናገርኩት፣ ለሷ መናገር ምንም አይደለም ብዬ ነው መሰለኝ።

"ሸፊቅ ቦታው ላይ አልነበረም" አልኳት።

"ቆሻሻ እያወጣ ነበር።"

"ቢሆንም አልነበረም። ማዳም ከጠየቀችኝ በሩን ቆልፌ ነበር እላለሁ። ሸፊቅ ለጥገና ብሎ አስከፍቶኝ ሳይዘጋው ሄደ እላለሁ። መለዋወጫ ቁልፍም እሱ ጋ አለ። ዋላሂ ብዬ እምልላታለሁ፣ ታምነኛለች።"

ሰብለ ከፊት ወንበር ዞራ አየችኝ። "እንደዚያ አታድርጊ።"

"አንቺ ምን ቸገረሽ? እኔ ብባረር እናትና አባቴ ምን ይበላሉ?"

"የሸፊቅስ?"

ተናደድኩ። ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ "ደግሞ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው? አንቺ እኮ እግዜር የለም ነው የምትይው። ከሌለ ማን ያያል?" አልኳት።

አልተቆጣችም። 

"እግዜር ይኑር አይኑር ካንቺ ጋር መከራከር አልፈልግም" አለች። "ሸፊቅ ግን አለ።"

ወደ ፊት ዞረች። እኔም ስለቱን የት እንዳደረስኩት ጠፋኝ።

ዓሣ ገበያው ጋ ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ጠዋት የሚገዛው ሰው ተበትኗል። ሰብለ በተሰባበረ ዐረብኛዋ ያገኘችውን ሁሉ ትጠይቃለች፤ እኔ ከኋላዋ እሮጣለሁ። ሱቁ የነበረበትን ቦታ ማንም አያውቀውም፣ ሁሉም ነገር ተቀይሯል። በመጨረሻ አንድ ዓሣ የሚበልት ሕንዳዊ ቢላውን አስቀምጦ በእጁ ጠራን። "እማ? እማ?" እያለ ወደ ኋላ፣ በረዶ ወደሚቀመጥበት ጥላ ወሰደን።

ሃጃ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ግድግዳ ተደግፈዋል። ምሳ ዕቃውን ታቅፈውታል። ፊታቸው ቀልቷል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ሰውዬው አጠገባቸው ውሃ አስቀምጧል። መንገድ ለመንገድ ሲዞሩ አይቶ እንዳስገባቸውና ሰው እስኪመጣ ትቷቸው መሄድ እንዳልቻለ ነገረን።

"ዘግቷል" አሉኝ ሃጃ። ድምፃቸው ይጎተታል። "ሰውዬው ሱቁን ዘግቷል። የት ሄደ?"

እግራቸው ሥር ወድቄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። በልቤ ግን ምን እያሰብኩ እንደነበር ልንገራችሁ፤ ገና ሰባት ሰዓት አልሞላም፣ ማዳም ሳትመለስ ቤት እናስገባቸዋለን፣ ሸፊቅንም መወንጀል አያስፈልገኝም፣ ማንም ምንም ሳያውቅ ያልፋል። "ተመስገን፣ ታክሲ ጥሪልኝ" አልኳት ሰብለን።

ሰብለ ግን የሃጃን ግንባርና አንገት እየዳበሰች ነበር። "አያልባቸውም" አለች። "ቆዳቸው እሳት ሆኗል፣ ላብ ግን የለም። ይሄ ጥሩ አይደለም የሺ። ሆስፒታል መሄድ አለባቸው፣ አሁን።"

"ቤት አየር ማቀዝቀዣ አለ። ሲቀዘቅዙ ይሻላቸዋል።"

"ሊሞቱብሽ ይችላሉ።" ስልኳን አወጣች። "አምቡላንስ ልጥራ።"

እጇን ያዝኩት። አጥብቄ ነው የያዝኩት፣ ጥፍሬ ገብቶባታል። አምቡላንስ ከመጣ ፖሊስ ይመጣል፣ ማዳም ትሰማለች፣ ኸላስ፣ አበቃልኝ።

"የሺ፣ እጄን ልቀቂ" አለችኝ። አልጮኸችም።

ለቀቅኩት። ደወለች። ከዚያ ሕንዳዊውን በረዶ ለመነችው፤ ነጠላዋ ውስጥ ጠቅልላ በሃጃ አንገትና ብብት ሥር አደረገች። ውሃ በጠብታ በጠብታ ከንፈራቸው ላይ ታደርግላቸዋለች። ሃጃ በልጃቸው ስም ይጠሯታል፤ እሷም "አለሁ እማ፣ አለሁ" ትላቸዋለች። የእግዜር ስም አንዴም ከአፏ አልወጣም። እኔ ሳላቋርጥ ስሙን እጠራ ነበር፤ እጄ ግን ምንም እየሠራ አልነበረም።

"አሁን ለማዳም ደውይ" አለችኝ ቀና ሳትል። "ቅድም እንዳልደወልሽ አውቃለሁ።"

ደወልኩ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሃጃን ወደ ውስጥ ወሰዷቸው። እኔና ሰብለ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። አንድ ፖሊስ መጥቶ ስማችንን፣ መታወቂያችንን፣ የሆነውን ጠየቀን፣ ጻፈና ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማዳም ደረሰች። ቀጥታ ወደ ውስጥ ገባች። ከቆይታ በኋላ ወጥታ ፊቴ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል።

"እንዴት ወጣች?" አለችኝ። "በሩ አይቆለፍም?"

እንግዲህ ያቺ ናት ሰዓቷ። አሥራ አንድ ጊዜ ያሰብኩት ውሸት ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ሰብለን ማየት ፈራሁ። ዓይኔን ስጨፍን የመጣብኝ ግን ሸፊቅ ነው፤ ምንም ሳይናገር በደረጃው የሮጠው ሸፊቅ።

"ቁልፉን በሩ ላይ የረሳሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "ጆሮዬ ላይ ስብከት ነበር። ሲወጡ አልሰማሁም። እንደጠፉ እንዳወቅሁም ፈርቼ አልደወልኩልሽም።"

ማዳም እንባዋን ጠረገች። "ዘበኛውስ የት ነበር?"

ሁለተኛ በር ተከፈተልኝ ማለት ነው። ገብቼ ላመልጥ እችል ነበር።

"ቆሻሻ እያወጣ ነበር። ሥራው ነው" አልኩ።

ሌላ ቃል ሳትናገረኝ ተመልሳ ገባች። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ የሆነ ነገር ከላዬ ወርዷል። ለሰብለ ይህንኑ ልነግራት ዞርኩ። ወንበሯ ባዶ ነው። ማዳም ስታናግረኝ ተነስታ ሄዳለች። እርጥብ ነጠላዋ ሃጃ ጋ ቀርቷል።

ሐኪሙ ለማዳም እንደነገራት፣ በረዶውና ፈጥኖ መምጣቱ ነው ያተረፋቸው። ቤት ወስደናቸው ቢሆን ምናልባት አይነቁም ነበር። ሃጃ ሁለት ቀን ተኝተው ወጡ። ማዳም ሦስት ቀን ሙሉ ከሥራ ትእዛዝ በቀር አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ኩሽና መጣችና "ሌላ ሰው ላይ ልታላክኪ ትችይ ነበር" አለችኝ። "አዎ" አልኩ፣ "አስቤም ነበር።" ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "ሥራሽ ላይ ነሽ። ግን ሁለተኛ ጆሮሽ ላይ ነገር እንዳላይ።" ለኔ ይሄ ምሕረት ነበር።

በዚያው ሰሞን ሐያት ደወለችልኝ። "ሰብለ እኮ ልትሄድ ነው" አለችኝ። "ቪዛዋ እያለቀ ነው።"

"ሥራ አላገኘችም?"

"አግኝታ ነበር እንጂ። ዱባይ አንድ ቤተሰብ ቪዛዋን ሊያደርጉላት፣ በሰባት ሰዓት መጥታ እንድትፈርም ቀጥረዋት ነበር። ጽዳቷን ጨርሳ ልትሄድ አስባ ነበር የወጣችው። ሳትመጣ ስትቀር ሌላ ሰው ያዙ።"

"መቼ ነው የቀጠሯት?" አልኩ። መልሱን ግን አውቄዋለሁ። ታክሲው ውስጥ የሚጮኸው ስልክ እነሱ ነበሩ፤ መምጣቷን ሊያረጋግጡ ነው የደወሉት።

ያን ዕለት ለንስሐ አባቴ፣ ደብረ ማርቆስ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሐሜቱን፣ ውሸቱን፣ እጇን የያዝኩበትን። በመጨረሻም የከነከነኝን ጠየቅኋቸው። "አባ፣ እግዜር የለም የምትል ሴት እንዴት እንዲህ ትሆናለች?"

 "አንቺ አለ የምትይዋስ እንዴት እንደዚያ ሆንሽ?" አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የእውነት ጥያቄ ነበር። "የኔና ያንቺ ሥራ ይሄኛው ጥያቄ ነው። የሷን ለራሱ ለእግዜር ተይለት። ለመሆኑ አመስግነሻታል?"

"ሳላያት ሄደች አባ።"

"ይቅርታስ?"

"እሱንም አልጠየቅኋትም።"

"በይ ንስሐሽ እሱ ነው። ስግደት አልጨምርብሽም። ስታሚያት የሰሙሽ ሰዎች ፊት ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂያት።"

ማዳምን አስፈቅጄ ሄድኩ። ከአል ናህዳ ኢንተርናሽናል ሲቲ ድረስ በአውቶቡስ ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ስገባ ሰብለ አልጋዋ ላይ ሻንጣዋን ከፍታ ልብስ ታጥፋለች፤ ሐያትና ሌሎቹ ልጆች አሉ። እዚያው በር ላይ ቆሜ ተናገርኩ። "ስለ ሰብለ የነገርኳችሁ ውሸት ነው" አልኳቸው። "ትሰርቃለች ብያችሁ ነበር። ያን ቀን ሌባዋ እኔ ነበርኩ፤ የሰው ስም ልሰርቅ ነበር። የከለከለችኝ እሷ ናት።" የቀረውንም ነገርኳቸው። ልንበረከክ ስል ሰብለ ተነስታ ያዘችኝ።

"ተይ የሺ። ይሄን አልወድም" አለችኝ፣ ፊቷ ቀልቶ።

"ቀጠሮ እንዳለሽ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ‘ሂጂ’ ትይኝ ነበር። ‘ሂጂ’ ካላልሽኝ ደግሞ በኋላ ይከብድሽ ነበር። ምን ይጠቅማል?"

"እኔ ግን ሊገባኝ አልቻለም። ለማን ብለሽ ነው?"

ልብሱን ማጠፍ ቀጠለች። እንደማትመልስልኝ ገምቼ ነበር። "እናቴ ስትታመም" አለች፣ "ቤታችን የሚመጣው ሰው ሁሉ ‘እግዜር ይማርሽ’ ብሎ ይሄዳል። አንዲት ጎረቤታችን ብቻ በየቀኑ እየመጣች ገላዋን ታጥባት ነበር። እናቴ አልዳነችም። እምነቴን ያኔ ነው ያጣሁት፤ ስለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ ለመናገርም ይከብደኛል። የዚያችን ሴት እጅ ግን አልረሳሁም።"

"እሷ ታምን ነበር?"

"በጣም" አለችና ሳቀች። "ስለዚህ አንቺም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትሽም።"

ማዕድ ቀረበ። ሐያት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ኩርፊያ አጎረሰችኝ። ሰብለ ያለችበት ማዕድ ላይ ሁሉም ቀረቡ። ጾም ስለነበር ሽሮ ነው የበላነው፤ ሰብለ የጾም ምግቡን አብራን በላች፣ ለኔ ብላ እንደሆነ ገብቶኛል።

ሰብለ ወደ አገሯ ተመለሰች። እኔ ግን ነገሩን ለማዳም ነግሬያት ነበር፣ የቀጠሮውን። "ያቺ ነጠላዋን ትታ የሄደችው ናት?" አለችኝ። ነጠላውን አጥባ አስቀምጣው ነበር። ከሦስት ወር በኋላ አጅማን የምትኖር የማዳም አክስት አስታማሚ ፈለገች፤ ማዳም ስልኳን አነሳችና "አንዲት ሴት አውቃለሁ" አለቻት። ሰብለ በሥራ ቪዛ ተመልሳ መጣች። ዛሬም እዚያ ናት። ሃጃ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ኖረው፣ አልጋቸው ላይ፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ዐረፉ። ሸፊቅም አሁንም በሩ ላይ ነው። ልወነጅለው እንደነበረ አላወቀም፤ አንድ ቀን ልነግረው አስባለሁ፣ ድፍረቱ ገና አልመጣልኝም።

አንባቢዎቼ፣ ያለ ሃይማኖት ግብረ ገብ ይኖራል ወይስ አይኖርም ብለው የተማሩ ሰዎች ሲከራከሩ እሰማለሁ። እኔ ልፈታው አልችልም። እኔ አማኝ ነኝ፣ አማኝ ሆኜ እሞታለሁ። ያን ቀን ሰብለን የላከልኝ እግዜር ነው ብዬም አምናለሁ። ነግሬያታለሁ፤ "እሺ፣ እንዳሻሽ" ትለኛለች። በረዶውን የሰጠን ሰው የራሱን አምላክ ያመልካል፣ ማዳም የራሷን፤ ሁለቱም ደግ ሆኑልኝ። እኔም እምነቴ ያን ቀን ፈጽሞ አልጠቀመኝም አልልም። ምናልባት ኮሪደሩ ላይ እውነቱን የተናገርኩት እሱም ስላገዘኝ ይሆናል። ግን እምነት እንዳለኝ ስላወቅሁ ብቻ ደግ ነኝ ብዬ ዓመታት ኖሬ ነበር፤ ሌላውንም ስለሌለው ብቻ ክፉ ነው ብዬ። ያ ነው የፈረሰው፤ በመፍረሱም አመሰግናለሁ። አሁን ከአዲስ ሰው ጋር ስተዋወቅ ምን እንደሚያምን ሳልጠይቀው ብዙ እቆያለሁ።

እናንተም እንደኔ የፈረዳችሁበት ሰው ካለ፣ እባካችሁ ቀን ሳያልፍባችሁ ሂዱና አናግሩት።

ይህን ጽፌ ስጨርስ አጅማን ሄጄ ለሰብለ አነበብኩላት። የባሕሩ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነበር። ጨርሼ ቀና ስል አልተደሰተችም።

"አንድ ነገር ጎድሎታል" አለችኝ። "እኔን መልአክ አስመስለሽኛል። ታክሲው ውስጥ ሦስት ጊዜ ‘አቁም፣ ልውረድ’ ልለው ነበር። ቀጠሮዬ ሊያልፍብኝ ነበር፤ አንቺንም ጠልቼሽ ነበር። እሱን ጻፊ።"

"ታዲያ ለምን አልወረድሽም?"

ትከሻዋን ነቀነቀች።

"እያለቀስሽ ነበር" አለችኝ።